ከኦዲት ወደ ፊዚክስ ልሻገር?

«ዕድሜዬ 37 ነው። በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ 12 ዓመት በኦዲተርነት ሠርቻለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከሁሉም የምወደው ትምህርት ፊዚክስ ነበር፤ ሆኖም ቶሎ ሥራ የሚያስገኝ መስክ ይሻላል ተብዬ ሌላ አጠናሁ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ጽንፈ ዓለም አመጣጥ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ማታ ማታም ልጆቹ ሲተኙ ሌክቸሮችን እከታተላለሁ። አሁን ሥራዬን ለቅቄ ፊዚክስ ተምሬ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ባለቤቴ አልተቃወመኝም፤ ግን ‹በዚህ ዕድሜ ጀምረሽ መቼ ልትጨርሺው ነው?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ዘግይቻለሁ? ከየት ልጀምር? ሥራዬንስ ልልቀቅ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ የመጨረሻውን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ለመመለስ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነውና። ሥራዎን አሁን አይልቀቁ። ይህን ስል ምኞትዎን አቃልዬ አይደለም፤ ዘግይተዋል ብዬም አላምንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እስካሁን የወደዱት ፊዚክስ የደረሰባቸውን ውጤቶች ነው፤ ሥራውን ራሱን ግን ገና አልቀመሱትም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ሰፊ ነው። ይህን ርቀት ግን ደመወዝዎ ሳይቋረጥ፣ ቤትዎም ሳይናጋ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በራስዎ እጅ ሊለኩት ይችላሉ።

ስለ ጥቁር ጉድጓድ ለሁሉም እንዲገባ ሆኖ የተጻፈ መጽሐፍ የሚያቀርብልዎ ሌሎች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙበትን ነገር ማጠቃለያ ነው። የፊዚክስ ባለሙያ ውሎ እንዲህ አይደለም። በንድፈ ሐሳብ ላይ የምትሠራ ከሆነ አንድ ስሌት ላይ ሳምንታት ትቀመጣለች፤ ሁለት መንገዶች ሁለት የተለያየ መልስ ሲሰጧት ስሕተቱ የገባበትን መስመር ለማግኘት ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ትመለሳለች። በሙከራ ላይ የምትሠራ ከሆነ አየር ወጥቶለት ባዶ መሆን የነበረበት ዕቃ የቱ ጋ እንደሚያስገባ ስትፈልግ፣ ወይም ከመሣሪያዋ የሚመጣውን ያልተፈለገ ንዝረት ምንጩን ስታስስ ትውላለች። በዚህ ዘመን ደግሞ ሁለቱም ብዙ ሰዓት የሚያጠፉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍና በማረም ነው። ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በሰማይ ድንቆች ተማርከው መጥተው ገና በመጀመሪያው የመካኒክስ (የእንቅስቃሴና የኃይል ጥናት) ኮርስ ልባቸው የቀዘቀዘ ተማሪዎች አይቻለሁ። ስለ ከዋክብት ይህን ያህል ሳይገዳቸው አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲላቸው እንቅልፍ የሚነሣቸው ተማሪዎችም ነበሩ፤ በመስኩ ጸንተው የቀሩት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ነገር ግን ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ባለቤትዎ ላቀረቡልዎ ጥያቄ ደግሞ ግልጽ መልስ ይገባቸዋል። በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደየአገሩ 3 ወይም 4 ዓመት፣ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፣ ዶክትሬት ከ3 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፤ ማስተርሱ በዶክትሬቱ ውስጥ የሚጠቃለልባቸው አገሮችም አሉ። አንድ ዓመት ተዘጋጅተው ቢጀምሩና ሁሉም ሳይደናቀፍ ቢሄድ ዶክትሬቱን የሚያገኙት በ46 እና በ50 ዓመትዎ መካከል ነው። በዩኒቨርሲቲ ቋሚ ተመራማሪ ለመሆን ከፈለጉ ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው 2 ወይም 3 ዓመት የሚቆዩ የድኅረ ዶክትሬት ቅጥሮች ይከተላሉ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቅጥር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በተለያዩ ከተሞች ወይም አገሮች ይሠራል። ለትምህርት የደረሱ ልጆች ላሏት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። በዚያ ላይ ቋሚዎቹ ቦታዎች ከሚወዳደረው ሰው ቁጥር እጅግ ያነሱ ናቸው፤ በፊዚክስ ዶክትሬት ካላቸው ሰዎች የሚበዙት የሚሠሩት ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ውጭ በኢንዱስትሪ፣ በሕክምና ተቋማት፣ በመንግሥት ቤተ ሙከራዎችና በመረጃ ትንተና ላይ ነው። እነዚህ መልካም ሥራዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ዕድሜን አይጠይቁም። ስለዚህ «መቼ ልትጨርሺው ነው?» ለሚለው መልሱ የሚወሰነው ለመድረስ በሚፈልጉበት ቦታ ነው፦ ፊዚክስ ለማስተማር የመጀመሪያ ዲግሪውና የመምህርነት ሥልጠናው፣ ለሌሎች ብዙ ሥራዎች ማስተርሱ ይበቃል፤ የራስን ምርምር ለመምራት ግን ዶክትሬቱ ግድ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ዘግይተው ስለ ጀመሩ ታላላቅ ሰዎች የሚነገሩ ታሪኮች ሳይደርሱዎት አልቀሩም፤ እኔም ልጠቅሳቸው እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሙሉ ታሪካቸው ሲነገር ነው የሚጠቅሙት። አይንስታይን በፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1905 እነዚያን ድንቅ ጽሑፎች ማሳተሙ እውነት ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1900 በዙሪክ የፊዚክስና የሂሳብ መምህርነት ትምህርቱን ጨርሶ ስለ ነበር ከሌላ ሙያ መጣ ሊባል አይችልም። ኤድዋርድ ዊትን የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘው በታሪክ ነው፤ በኋላ በንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ ሆኗል፤ ነገር ግን የተሻገረው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አባቱም የፊዚክስ ተመራማሪ ነበሩ። ሉዊ ደ ብሮይም እንዲሁ ከታሪክ ትምህርት መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1924 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ቁስ የሞገድ ጠባይ እንዳለው አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ኖቤል ተሸለመ፤ ታላቅ ወንድሙ ግን በራሱ ቤተ ሙከራ የኤክስሬይ ምርምር የሚያካሂድ ሰው ነበር።

ለእርስዎ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጆርጅ ግሪን ይመስለኛል። እንግሊዛዊ ነው፤ በልጅነቱ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ተምሮ በአባቱ ዳቦ ቤትና የነፋስ ወፍጮ ሲሠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1828 ሂሳብን በኤሌክትሪክና በማግኔት ላይ ስለ መጠቀም የሚያትት ጽሑፍ አስቀድመው ገንዘብ ባዋጡ ጥቂት ደንበኞች ድጋፍ አሳተመ፤ ካምብሪጅ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1833፣ በ40 ዓመቱ ነው። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪዎች «የግሪን ፈንክሽን» እያሉ የሚማሩት የሂሳብ መሣሪያ መነሻው በዚያ በ1828ቱ ጽሑፍ ላይ ነው። ከታሪኩ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የ40 ዓመቱን ነገር ብቻ አይደለም፤ የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። ግሪን ወፍጮውን እያስፈጨ ሂሳቡን ለዓመታት ሠርቷል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሥራው ከታተመ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከእርስዎ የሚፈለገው የግሪንን ያህል ግኝት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊወርሱት የሚገባ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ከሂሳብ። ኦዲተርነትዎ ከቁጥር ጋር አላራራቀዎትም፤ ይሁን እንጂ ለፊዚክስ የሚያስፈልገው ሂሳብ የለውጥ ሂሳብ፣ ማለትም ካልኩለስ፣ ነው፤ አንድ መጠን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚከታተል። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ራሱ፣ በቅጡ ሲጻፍ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (የለውጥ መጠንን የያዘ ቀመር) ነው፤ ስለዚህ ካልኩለስ የማያውቅ ሰው ሕጉን ማስታወስ ይችል እንደ ሆነ እንጂ በሙሉ አቅሙ ሊጠቀምበት አይችልም። የሁለተኛ ደረጃውን አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ለጥቂት ሳምንታት ይከልሱ፤ ሳይከለስ የቀረ ትሪጎኖሜትሪ ካልኩለስ ላይ ሲደርሱ በየመስመሩ ያደናቅፍዎታልና። ከዚያ ካልኩለስን ከነመልመጃው ይያዙ፤ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራልን እጅዎ ሲለምዳቸው የመጀመሪያውን የመካኒክስ ኮርስ ከካልኩለሱ ጎን ለጎን ይጀምሩ፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አንዱ የሌላውን ትርጉም ያሳያል። ኤሌክትሪክና ማግኔት ከዚያ ይቀጥላል፤ እርሱ ባለ ብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስና ቬክተር ይጠይቃል። ሊኒየር አልጀብራ ደግሞ ከኳንተም ሜካኒክስ (የአቶምና የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ) በፊት ሊታለፍ የማይገባ ነው። እርስዎ የሚናፍቁት የጥቁር ጉድጓድ ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 የደረሰበት ጠቅላላ አንጻራዊነት፣ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ጎልማሳ ጀማሪ ይህን ሰልፍ መጠበቅ ያቅተውና በቀጥታ ወደ ኳንተም ወይም ወደ አንጻራዊነት ይዘላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉ ይዘጋል።

አጠናን ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት እወዳለሁ። ሌክቸር ማየት ጥናት እየመሰለ ብዙ ሰው ያታልላል፤ መምህሩ ሲያብራራ ሁሉም የገባን ይመስለናል። የገባን መሆኑ የሚታወቀው ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጠን ጥያቄ ስንሠራ ብቻ ነው። በሳምንት 8 ወይም 10 ሰዓት ካለዎት ከሰዓቱ ሁለት ሦስተኛው ጥያቄ መሥሪያ ይሁን። መልሱን ወዲያው አይግለጡ፤ አንድ ጥያቄ ሲያስቸግርዎ ሥዕሉን ይሣሉ፣ የታወቀውንና ያልታወቀውን ይለዩ፣ አሃዶቹን ይመርምሩ፣ ቀለል ባለ ሁኔታ መልሱ ምን መሆን እንዳለበት ይጠይቁ፣ ካልሆነም አሳድረው በማግሥቱ ይመለሱበት። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ባደረገው ኦፕንኮርስዌር በተባለው ፕሮግራሙ የብዙ ኮርሶቹን ሌክቸር፣ መልመጃና ፈተና በነጻ ያቀርባል፤ የመካኒክሱን ፈተና ሰዓት ይዘው፣ መጽሐፍ ዘግተው ይሥሩት፤ ውጤቱንም በኦዲተር ዐይን ራስዎ ያርሙት። ከዓመቱ መጨረሻ ስለ ራስዎ የሚያውቁት ነገር የትኛውም አማካሪ ሊነግርዎ ከሚችለው በላይ ይሆናል። በእነዚያ ሰዓታት ማንም ሳይገፋፋዎት ለጥናት የሚቀመጡ ከሆነ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ጥያቄዎቹን እየዘለሉ ወደ ሌክቸሩ የሚመለሱ ከሆነ ደግሞ ይህም ግልጽ መልስ ነው፤ ፊዚክስን ዕድሜ ልክዎን እንደ አንባቢ መውደድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በኦዲት ያሳለፏቸው 12 ዓመታት ለፊዚክስ እንደባከኑ የሚሰማዎት ከሆነ እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ቀላል ሙከራ ይሞክሩና ለምን እንደሆነ ያያሉ። 1 ሜትር ርዝመት ባለው ክር ትንሽ ከባድ ነገር አንጠልጥለው በጥቂቱ ያወዛውዙት (ይህ ፔንዱለም ይባላል)፤ አንዱ ሙሉ ምልልስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የ20 ምልልስ ጊዜ ለክተው ከርዝመቱ ጋር ሲያሰሉት፣ በምድር ስበት የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚጨምር ያገኛሉ፤ ውጤቱ በሰከንድ ወደ 9.8 ሜትር መጠጋት አለበት። የሰዓት መያዣውን ሲጫኑ እጅዎ አንዴ ስለሚቀድም አንዴ ስለሚዘገይ የሚፈጠረው ስሕተት ሙከራው ሲደጋገም እየተካካሰ ይቀንሳል። ርዝመቱን እስከ ክብደቱ መሃል መለካት ሲገባዎ እስከ ላይኛው ጫፉ ለክተው 2 ሴንቲሜትር ቢያጎድሉ ግን ውጤትዎ በ2 በመቶ ያንሳል፤ መቶ ጊዜ ቢደጋግሙትም እዚያው ነው። አርቀው፣ ከቁም መስመሩ 30 ዲግሪ ያህል ወስደው ቢለቁት ደግሞ እያንዳንዱ ምልልስ 1.7 በመቶ ይረዝማል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ያለው ቀላል ቀመር ይህን ግምት ውስጥ አያስገባም። በአጋጣሚ የሚዋዥቀውን ስሕተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሚያዘነብለው መለየት፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ምንጭ እስከ መጨረሻው መከታተል፣ ያማረ ውጤት ሲመጣ ቶሎ አለማመን፦ ይህ የእርስዎ የዘወትር ሥራ ነው፤ የሙከራ ፊዚክስም ግማሽ አካል ይኸው ነው።

ይህ በትልልቆቹ ሙከራዎችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን፣ በስዊዘርላንድ ካለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር እስከሚገኘው ቤተ ሙከራ የተጓዙ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ብርሃንን በ60 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ቀድመው የደረሱ መሆናቸውን የሚያሳይ ልኬት ይፋ አደረገ። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም የሚለው የዘመናዊው ፊዚክስ መሠረት ይናጋ ነበር። ቡድኑ ግን አዲስ ሕግ አገኘን ብሎ አላወጀም፤ ልኬቱን ሌሎች እንዲመረምሩት አቀረበ፤ ራሱም መሣሪያውን ክፍል በክፍል መፈተሹን ቀጠለ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋነኛው ምክንያት በትክክል ያልተሰካ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ያንን ገመድ ለማግኘት የጠየቀው ትዕግሥት የእርስዎ ሙያ ለዓመታት ያሠለጠነዎት ዓይነት ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ «ተመራማሪ መሆን» የሚለውን ምኞት ሰፋ አድርገው እንዲያዩት እመክርዎታለሁ። ጥቁር ጉድጓድን ማጥናት የግድ ብቻን ተቀምጦ ቀመር መጻፍ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ የሚገኙት የላይጎ መለኪያ መሣሪያዎች ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው ሲዋሐዱ የተፈጠረውን የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዙ። እያንዳንዱ የመሣሪያው ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሊለካ የሚችለው የርዝመት ለውጥ ግን በአቶም እምብርት ከሚገኘው ከፕሮቶን ስፋት ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። ግኝቱን ባበሰረው ጽሑፍ ላይ ከ1,000 በላይ ሰዎች ስማቸው ሰፍሯል፤ ከእነርሱም መካከል የሌዘር፣ የመስተዋት፣ የንዝረት መከላከያና የመረጃ ትንተና ባለሙያዎች ይገኛሉ። ንጹሕ ንድፈ ሐሳብ ፉክክሩ ከሁሉም የበረታበት፣ ቅጥሩም ከሁሉም የጠበበበት ክፍል ነው፤ በጎልማሳነት ለሚገባ ሰው በመጀመሪያ ምርጫነት አልመክረውም። የሙከራና የመረጃ ትንተና ዘርፎች ግን የእርስዎን ጥንቃቄ የሚፈልጉ ናቸው፤ ፓይተንን የመሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ከአሁኑ ቢጀምሩ ብዙ ይጠቅምዎታል።

በደብዳቤዎ ያልጠቀሱትን የሕክምና ፊዚክስንም እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፤ በእኔ አመለካከት ለእርስዎ በጣም የሚስማማው ይህ ነው። የካንሰር ሕሙማን በጨረር ሲታከሙ ዕጢው የሚያገኘው የጨረር መጠን ከታዘዘው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዛነፍ የሚጣር ሲሆን፣ መሣሪያዎቹን የሚለካው፣ የሚያስተካክለውና የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ዕቅድ ስሌት የሚያረጋግጠው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። በብዙ አገሮች ማስተርስና ቁጥጥር የሚደረግበት የሆስፒታል ልምምድ ይጠይቃል፤ በመጨረሻው ግን ከጥቁር ጉድጓድ ምርምር በተለየ የታወቀ የሥራ ስም፣ የታወቀ ቅጥርና በአንድ ከተማ ተረጋግቶ የመኖር ዕድል አለው።

መግቢያ በሩን በተመለከተ፣ የሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ብቻ ይዘው በቀጥታ ወደ ፊዚክስ ማስተርስ የሚገቡበት ዕድል ጠባብ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ መስክ ለሚመጡ የማሟያ ኮርሶች ይሰጣሉ፤ ሌሎች ቀድሞ የተማሯቸውን አጠቃላይ ኮርሶች ተቀብለው የሁለተኛውን የመጀመሪያ ዲግሪ ጊዜ ያሳጥሩልዎታል። በርቀት ወይም በትርፍ ጊዜ መማርም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ተማሪ የሚቀበለውን የብሪታንያውን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመሰሉ ተቋማት የተመሠረቱት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ታሳቢ አድርገው ነው፤ ሲመርጡ ግን ትምህርቱ በቂ የቤተ ሙከራ ሥራ እንዳለው ያጣሩ። ገንዘቡን ሲያሰሉ ደረጃዎቹን ለያይተው ያስሏቸው፦ የመጀመሪያ ዲግሪውና ማስተርሱ ብዙውን ጊዜ ከራስ ኪስ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ በፊዚክስ ዶክትሬት የሚማሩ ሰዎች ግን በብዙ አገሮች አነስተኛም ቢሆን የኑሮ ድጎማ ወይም ደመወዝ ያገኛሉ። ቤተሰቡን የሚፈትኑት እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው።

ሥራ መልቀቁ የሚታሰበው የመካኒክሱንና የኤሌክትሪክና ማግኔቱን ፈተናዎች በራስዎ ሲያልፉ፣ የመግቢያ ፈቃድ በእጅዎ ሲይዙና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወጪ ከየት እንደሚመጣ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሥራ ሰዓት ቅነሳ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይጠይቁ። ከባለቤትዎ ጋር አሁን ሊስማሙባቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ ያነሱ ናቸው፦ በሳምንት የትኞቹ ምሽቶች የእርስዎ ብቻ እንደሚሆኑ፣ በእነዚያ ምሽቶች ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ ዓመቱ ሲያልቅም በምን መመዘኛ አብራችሁ እንደምትወስኑ። የጥናት ሰዓቱ ከእንቅልፍዎ ብቻ የሚቀነስ ከሆነ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም።

ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ የመካኒክሱን ኮርስ ሲያገባድዱ፣ ሊማሩበት ለሚያስቡት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ይጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ፊዚክስን ምን ያህል እንደሚወዱ የሚገልጸውን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገድቡት። በየትኛው መጽሐፍ እስከ የትኛው ምዕራፍ እንደሠሩ፣ የትኞቹን ፈተናዎች ሰዓት ይዘው ሠርተው ምን እንዳገኙ ያስፍሩ፤ የፔንዱለሙን ሙከራም ከነስሕተት ትንተናው በሁለት ገጽ ጽፈው ያያይዙት። ከዚያ ቀድሞ ከተማሯቸው ኮርሶች የትኞቹን እንደሚቀበሉልዎ፣ ለማስተርስ ለመብቃት የትኞቹ እንደሚቀሩዎትና እነርሱን በትርፍ ጊዜ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቋቸው።